እሱ ያልሞተበት ወንዝ ዳር

አሶሳ ውስጥ ባሌ መሞቱን የማያውቅ ሰው የለም። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ ዘፈኑን ይቀንሳል። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት አንድ ራስ ሽንኩርት ትመርቅልኝና አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። መስጊዱ በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሳያሰልሱ «አላህ ያጽናሽ» ይሉኛል፤ እኔም ሳላሰልስ «አሚን» እላለሁ። ክፋት የለበትም፣ ሰዉ ደግ ነው። ግን ደግነትም ሲደጋገም ይከብዳል። ጨው ልገዛ ወጥቼ ጨውና ለቅሶ ተሸክሜ የምመለስበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ማለዳ ሻይ እየጠጣሁ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እሱ ገና ያልሞተበት ቦታ አለ። ከባምባሲ ወዲያ፣ ዳቡስ ወንዝ ዳር፣ አዲስ ተጋቢ ሆነን ሦስት በጋ የኖርንበት አሸዋ። የዚያ አገር ሰዎች መሞቱን አልሰሙም። ማን ይነግራቸዋል? ዘመድ የለን፣ ስልክ አንደዋወል። በእነሱ ሐሳብ ባሌ አሁንም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃ ዳር የሚቆም ሰው ነው። ሄጄ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ባል ያላት ሴት ሆኜ ልዋል አልኩ። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። ቢሰሙ «እማዬ አልሆነላትም» ብለው ይተያዩ ነበር።

ሁለታችንም የወሎ ሰፋሪ ልጆች ነን። ወላጆቻችን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ መጥተው እዚሁ ሥር የሰደዱ፣ እኛም ከነአነጋገራችን ማንጎ ሥር ያደግን። ስንጋባ እሱ የውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበር። ሥራው ለሚሰማው ሰው ቀልድ ይመስላል። ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት ተተክሏል፤ እሱ ጠዋትና ማታ ወርዶ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ ያነባል፣ ይጽፋል። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። ውሃ ለኪው ሰውዬ ደግሞ ውሃ ይፈራል። ዋና አያውቅም፤ ከጉልበቱ ያለፈ እንደሆነ ፊቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ መዝገቡን እይዝለታለሁ፤ እሱ ብረቱ አጠገብ ቆሞ ቁጥሩን ይጮኽልኛል። ድምፁ ማዶ ካለው ገደል ደርሶ ተመልሶ ይመጣል። ሁሉንም ነገር ሁለቴ ስለሚነግረኝ፣ ያኔ ሁለት ባል ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚያ አሸዋ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጉሙ ነው። ሌሊት ከውሃው ላይ ይነሳና እስከ ረፋዱ እዚያው ይቆያል። ጎጇችን ትልቅ ሾላ ሥር ነበረች፤ ከበሩ ስወጣ ወንዙ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ አለ። ጉማሬዎቹ በጉሙ ውስጥ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማሉ። ከዚያ ቀስ እያለ መጀመሪያ የዛፉ ጫፍ፣ ቀጥሎ የማዶው ገደል፣ መጨረሻ ላይ ውሃው ይገለጣል። ፀሐይ ስትበረታ አሸዋው ይሞቃል፣ እኛም እንተኛለን። ስንነቃ ምን ሰዓት እንደሆነ አናውቅም፤ ለማወቅም አንቸኩልም። ቀኑ ራሱ የተኛ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅ ወልጃለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ፣ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ግን አልተኛሁም።

ጎረቤታችን አንዲት የበርታ ሴት ነበረች። ውሃው ሲሸሽ እርጥቡ መሬት ላይ ባሚያ ትዘራለች፤ በአህያዋ ትመጣለች፣ በአህያዋ ትሄዳለች። ከእኔ የምትበልጠው በሃያ ዓመት ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ እንደ ልጇ ነው የያዘችኝ። አማርኛዋ ከገበያ የለቀመችው ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። ባሌን «መሐንዲስ» ብላ ጠራችው። እሱ «ኧረ እኔ ቁጥር አንባቢ ነኝ» ቢላትም አልሰማችውም። ውሃ ሲሸሽ እያየች፣ «መሐንዲስ፣ ና፣ ግባ! ውሃ የሚለካ፣ ውሃ የሚፈራ!» እያለች በሳቅ ትንፈራፈራለች። እሱም ይስቃል፣ ግን አይገባም።

የወጣንበት መንገድ ደስ አይልም። በሦስተኛው በጋ መጨረሻ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በመኪና መጡና መለኪያውን በራሳቸው መሣሪያ አመሳከሩ። የእሱ ቁጥርና የእነሱ ቁጥር በአንድ ስንዝር ያህል አልተገናኘም። «ወንዝ ሳትወርድ ቤትህ ተኝተህ ነው የምትጽፈው» አሉት። እሱ ማለ፣ ተገዘተ። የሚሰማው አላገኘም፤ ወደ አሶሳ ቢሮ አዛወሩት። የእነሱስ ይሁን። ያን ማታ ዕቃ ስናስር እኔም አፌን ከፍቼ፣ «ምናልባት አንድ ሁለቴ ከአልጋ ሳትነሳ ጽፈህ ይሆናል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ገመዱን ማሰሩን ቀጠለ። በኋላ ዘመን ሁለቴ አብረን ተመልሰን አሸዋው ላይ ውለናል፤ የመጨረሻው ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ነገር ግን እሱም አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁት።

እና እንግዲህ ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ከአሶሳ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ባምባሲ ወረድኩ። ድሮ ከዚያ በኋላ በእግር ነበር፣ ለዚያውም የግማሽ ቀን መንገድ። አሁን ባጃጆቹ ተሰልፈው «ቢች! ቢች! አንድ ሰው የቀረው!» ይላሉ። መጀመሪያ አልገባኝም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ነገረችኝ፤ ወንዙን ነው ቢች የሚሉት። ባሕር የሌለው አገር ቢች አበጀ! ልጅቱ ዓይኗን በጥቁር መነጽር ሸፍና ጭኗ ላይ የወንበር ያህል ስፒከር ታቅፋለች። «ማዘር፣ እርስዎም ሊዝናኑ ነው?» አለችኝ። «ባለቤቴ እዚያ ይሠራ ነበር» አልኳት። «ነበር» በማለቴ በራሴ ተናደድኩ፤ መንገድ ላይ ቃሉን ማረም ጀመርኩ። ይሠራል። ይወዳል። ይፈራል። እስክንደርስ ድረስ በልቤ ስለማመድ ሄድኩ።

ስወርድ ቦታ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ባጃጆች ጎማቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ይታጠባሉ። ሦስት ስፒከር ሦስት ዘፈን ይለቃል። አንዱ ዓሣ ይጠብሳል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ልጆች በካልሲ ኳስ ይራገጣሉ። ጎጇችን በነበረችበት ሾላው ሥር የጁስ ማሽን ቆሟል፤ ዙሪያውን ቀይ የፕላስቲክ ወንበር። የባሌ መለኪያ ብረት እዚያው አለ። ቀለሙ ረግፏል፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ እርጥብ ቲሸርትና የሴት ሻሽ ተሰቅሎበታል። አንድ ጎረምሳ ተደግፎት ምላሱን አውጥቶ ሰልፊ ይነሳል።

ደሜ ፈላ። እውነቱን ልናገር፣ ሁሉንም ባርሬ ወንዙን ብዘጋው ደስ ይለኝ ነበር። እኔ የመጣሁት እሱ ዘንድ ነው፤ እነሱ ደግሞ ላዩ ላይ ይጨፍራሉ። ወንበር ስቤ ሾላው ሥር ቁጭ ስል ጁስ ሻጩ መጥቶ፣ «ማዘር፣ ወንበሩ ለተጠቃሚ ነው» አለኝ። «ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ እዚህ ቤት ነበረኝ» አልኩት። አልተቆጣም። «እሺ፣ ማንጎ ነው ስፕሪስ?» አለኝ። ማንጎ አልኩ፤ ምን እላለሁ?

ብርጭቆዬን ይዤ ስቆጣ፣ «አንተ! አንተ ነህ?» የሚል ድምፅ ከጀርባዬ መጣ። ዞር ስል ባለ ባሚያዋ ናት። ሰውነቷን ሙሉ የሚጠቀልለውን ባለ አበባ ቶቧን ለብሳ፣ ሰሌን ላይ የተቀቀለ ለውዝ ዘርግታ ትሸጣለች። ከስታለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ተቃቅፈን ስንቆም ትከሻ ለትከሻ ስንት ጊዜ እንደተሳሳምን አላውቅም። ሱብሃነላህ ትላለች፣ ሰላም ትላለች፣ እንደገና ሱብሃነላህ ትላለች። ከዚያ እጄን ሳትለቅ በትከሻዬ አሻግራ አየች።

«መሐንዲስ የታለ? ለምን ብቻህን መጣህ?»

የመጣሁት ለዚህች ጥያቄ ነበር። መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሃል አይነገርም፤ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ይህን ለራሴ እንደ ሰበብ አቀረብኩ። ሰበብ መሆኑንም አውቄዋለሁ።

«ደህና ነው» አልኳት። «አሶሳ ነው።»

አሶሳ መሆኑስ ውሸት አይደለም።

ሰሌኗ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ቀጥሎ የመጣውን ሰዓት በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም። ባሌን አማሁት! «አሁንም ያንኮራፋል?» ስትለኝ፣ «ኧረ ተዪኝ፣ ጣሪያው ይነሳል» አልኳት። ጫማውን በር ላይ ጥሎ ሰው ያደናቅፋል አልኩ። ስኳር ቀንስ ሲባል ይደብቃል፤ ዝናብ ሲመጣ አሁንም በረንዳ ላይ ቆሞ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ይገምታል፤ ሲያኮርፍ ሦስት ቀን ነው። በአሶሳ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። የሞተ ሰው አይታማም፤ «ደግ ነበር» ይባልና ያልቃል። እዚህ ግን እያጉረመረምኩበት ስሄድ ሽታው ሳይቀር መጣልኝ። ሙዚቃው ራቀ፣ ጩኸቱ ራቀ። ዓይኔን ጨፍኜ ፀሐዩን በፊቴ ተቀበልኩ። አሁን ጨርሶ ይመጣል፣ «ተነሺ፣ መዝገቡን ያዢ» ይለኛል ብዬ ነበር። አልክድም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሷ መሳቅ ማቆሟን ያየሁት ዘግይቼ ነው።

«እኔ ታመምኩ» አለችኝ። «ሐኪም አየ። ረጅም አይደለም አለ።» እጇን ገልብጣ ባዶ መዳፏን አሳየችኝ። «ሰው ሁሉ ጋ ሄድኩ፣ አፉ በለኝ አልኩ። ሁሉ አፉ አለኝ። አንድ ሰው ቀረ። መሐንዲስ ቀረ።»

ሙስሊም ሰው መንገዱ ሲቃረብ የበደለውን ሁሉ «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይቅርታውን ሳያገኝ መሄድ ያስፈራል። ግን እሷ ባሌን ምን በደለችው? ጠየቅኳት። ነገረችኝ፤ እየቆመች፣ ቃል እየፈለገች ነገረችኝ።

በሦስተኛው በጋ አንድ ማታ አህያዋን መለኪያው ብረት ላይ አስራዋለች። ጉማሬ ከውሃው ሲወጣ አህያው ደንግጦ ብረቱን ነቅሎት ሄደ። እሷ ደነገጠች። ሴቶች ጠርታ፣ መሐንዲሱ ሳይነቃ፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ እንደገና ተከሉት። ድንጋይ ደለደሉ፣ ረገጡ፤ ከበፊቱ ይበልጥ ቀጥ አደረጉት። ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተጽፏል፤ ብረቱ እስከቆመ ድረስ ቁጥሩ ይጠፋል ብላ እንዴት ታስብ? ከበፊቱ በአንድ ስንዝር ጠልቆ መቆሙን ያወቀችው መኪናው መጥቶ ሰዎቹ ሲጮኹበት ነው።

«እኔ ቆምኩ፣ አየሁ» አለችኝ። «አልተናገርኩም። ፈራሁ። በኋላም ስትመጣ ፈራሁ። እሱ ማለ፣ ማለ፣ ሰው አልሰማም። እኔ ብቻ እውነት ያውቃል።»

ያን ማታ ዕቃ ስናስር ያልኩት ቃል ወደ ጆሮዬ ተመልሶ መጣ። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ፤ አንድም ቀን «ያኔ ተሳስቼ ነበር» አላልኩትም።

እሷ ግን አላበቃችም። የልጅ ልጇን ጠራቻት፤ አሶሳ የምትማር፣ ቅዳሜና በዓል እየመጣች የምታግዛት ልጅ ናት። «ስልክ አምጣ» አለቻት። ልጅቱ ስልኳን እያዘጋጀች ለእኔ ገለጸችልኝ፦ «አያቴ በቪዲዮ ልትጠይቃቸው ነው። ከዚያ ይደውሉላትና መልሱን በጆሮዋ ትሰማለች። ቁጥራቸውን ይንገሩኝ?»

አሮጊቷ ቶቧን አስተካክላ ተነሳች። ወደ መለኪያው ሄዳ የተሰቀለውን ልብስ በእርጋታ አወረደች፤ ሰልፊ የሚነሱት ልጆች ቦታ ለቀቁላት። ብረቱን በአንድ እጇ ይዛ ስልኩን ፊት ለፊት አየችው።

«መሐንዲስ» አለች። «ሰላም አለይኩም። ውሃ ሸሸ። ለምን አልመጣህም? ሚስት መጣ፣ አንተን አማ፣ ሳቅን። መሐንዲስ፣ ይሄ ብረት እኔ ነኝ...»

«ተዪው!» አልኩ።

ልጅቱ ስልኩን ዝቅ አደረገች። ሁለቱም አዩኝ። ልናገር እየሞከርኩ ቃሉ እምቢ አለኝ፤ አንዲት አጭር ቃል ናት። በአሶሳ ሁሉም ሰው በእኔ ፋንታ ይላታል እንጂ እኔ ራሴ በአፌ ብያት አላውቅም ነበር።

«ሞቷል» አልኩ። «ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሞቷል።»

ብረቱን ይዛ ቆማ ቀረች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ኢና ሊላሂ» ስትል ሰማኋት፤ የቀረው ወደ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ብረቱ ሥር አሸዋው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ልጅቱ በብብቷ ያዘቻት።

«ደህና ነው አልክ» አለችኝ።

«አልኩ።»

«እኔ ሳቅሁ። እኔ የሞተ ሰው ላይ ሳቅሁ።» ቀና ብላ አየችኝ፤ በዚያች ሴት ፊት ላይ ቁጣ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። «እሱ ያንተ ብቻ ነው?»

 

ዓሣ የሚጠብሱት ሰውዬ ከእሳታቸው ላይ ተነስተው መጡ። ምን እንደሆነ ልጅቱን በበርታኛ ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ዘይት የነካውን እጃቸውን በጋቢያቸው ጠራርገው ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፈቱና «ፋቲሃ» አሉ፤ በዚያ አገር ለቅሶ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ለውዝ ሻጮቹ መዳፋቸውን ከፈቱ። ጁስ ሻጩ ማሽኑን አጠፋ። አንዱ ስፒከር ዝም አለ፣ ሁለተኛው ዝም አለ፣ ሦስተኛውን ያቺ መነጽር ያደረገችው ልጅ ሮጣ ዘጋችው። ባጃጅ አጣቢዎቹ ውሃ ውስጥ እንደቆሙ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ መዳፋቸውን ዘረጉ። ማተብ ያሰሩት አንገታቸውን ደፉ። ምላሱን ሲያወጣ የነበረው ጎረምሳ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገብቶት ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ እሱም እጁን ከፈተ። ማን እንደሞተ አያውቁም። ውሃ ይፍራ ዓሣ ይጥላ አያውቁም። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞልቶ ዝም አለ፤ የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ከአንድ ሰዓት በፊት ሁሉንም ላባርር ያሰብኩ ሴትዮ መሃላቸው ቆሜ እያንዳንዳቸውን አየሁ። አንድም ሰው እንዳይቀንስብኝ ፈለግሁ።

ፋቲሃው አልቆ ሰዉ ፊቱን በመዳፉ ሲያብስ አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«አፉ ብሎሻል» አልኳት። «አውቀዋለሁ፣ ቢሰማ ይስቅ ነበር። አፉ ብሎሻል።»

ራሷን ነቀነቀች። «እሱ የለም። በእሱ አፍ አትናገር። አንተ በል።»

«አፉ ብዬሻለሁ» አልኳት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም፤ ግን የእኔ ብቻ ነበር።

«አልሃምዱሊላህ» አለች። እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ።

«አንቺም እኔን አፉ በይኝ» አልኳት። «ከለቅሶሽ ከለከልኩሽ።»

መለኪያውን አየች። ከዚያ ቶቧን ከራሷ ላይ ስባ ፊቷን ሸፈነች።

«ቆይ» አለችኝ ከውስጥ። «መጀመሪያ ላልቅስ።»